ባለቤት ያጣ ሞት፦ የጆሃንስበርግ የጉዳት ታሪክ ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2023 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ በማርሻልታውን ሠፈር፣ በአልበርት ጎዳና ቁጥር 80 የሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በእሳት ተያያዘ። ሕንፃው ኡሲንዲሶ ይባላል። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጣውላ፣ በካርቶንና በመጋረጃ በተከፋፈሉ ጠባብ ክፍሎች ይኖሩ ነበር። ደረጃው በጢስ ተሞላ፤ የአደጋ ጊዜ መውጫዎች ተቆልፈው ነበር፤ የእሳት ማጥፊያም ሆነ የሚሠራ የውሃ ቱቦ አልተገኘም። ከላይኛው ፎቅ ሕፃናትን በመስኮት ለሚቀበሏቸው ሰዎች የወረወሩ ወላጆች ነበሩ። ሲነጋ የሟቾች ቁጥር ሰባን አልፎ ነበር፤ በመጨረሻ 76 መሆኑ ተረጋገጠ። ደቡብ አፍሪካውያን፣ ማላዊያውያን፣ ታንዛኒያውያንና ሌሎችም በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው በአንድ ሌሊት አለቁ።

ሕንፃው የግለሰብ ንብረት አልነበረም። ባለቤቱ የጆሃንስበርግ ከተማ አስተዳደር ነው። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች በከተማዋ ለመሥራትና ለመኖር የይለፍ ወረቀት ለማግኘት የሚሰለፉት በዚሁ ሕንፃ ነበር፤ ወረቀቱን ሳይዝ የተገኘ ሰው ወደ እስር ቤት ይወሰድ ነበር። የይለፍ ሕጎቹ በ1986 ተሻሩ። ከአፓርታይድ በኋላ ሕንፃው ለተቸገሩ ሴቶች መጠለያ ሆነ፤ ቀጥሎም ማንም የማይጠይቀው፣ ማንም የማይጠብቀው ቦታ ሆነ። በቀድሞው ሥርዓት እያንዳንዱን ጥቁር ሰው በጣት አሻራው የሚያውቅ ሕንፃ፣ በአዲሱ ሥርዓት በውስጡ ማን እንዳደረ የሚያውቅ አጣ። ከእሳቱ በኋላ የሟቾችን ማንነት መለየት ራሱ ረጅም ጊዜ የወሰደ ሥራ ነበር።

እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ በአማርኛ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ይሆናል። ለከተማ አስተዳዳሪ ግን መሸሸጊያ እንዳይሆን ያስፈራል፤ ምክንያቱም በጉዳት የሚከሰት ሞት በየሠፈሩ፣ በየዕድሜውና በየሥራው ተመሳሳይ መልክ ይዞ ይመላለሳል። የጆሃንስበርግ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያች ከተማ አንዳንድ የሞት ዓይነቶች በግልጽ ቀንሰዋል፤ አንዳንዶቹ ቀንሰው ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ንቅንቅ አላሉም። ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባም፣ በናይሮቢም፣ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው ሌሎች ከተሞችም መልስ ይፈልጋል።

የሚቆጠረው ሞት

ደቡብ አፍሪካ በዚህ ረገድ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተለየ ሀብት አላት። በ1959 የወጣው ሞትን የማጣራት ሕግ ተፈጥሯዊ ያልሆነ ሞት ሁሉ እንዲመረመር ያዝዛል። ሕጉ የአፓርታይድ ዘመን ሕግ ነው፤ በእስር ቤት ለሞቱ ታጋዮች ፍትሕ ያልሰጡ ብዙ ችሎቶች የተሰየሙት በእርሱ መሠረት ነው። ይሁን እንጂ አስከሬን ሳይመረመር እንዳይቀበር የሚያስገድድ አሠራር ትቶ አልፏል። በ1999 የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤትና የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአስከሬን ምርመራ ቤቶች የሚገኘውን መረጃ ማሰባሰብ ጀመሩ። በ2006 ምርመራ ቤቶቹ ከፖሊስ እጅ ወጥተው ወደ ክፍለ አገራቱ የጤና መሥሪያ ቤቶች ተዛወሩ። ሞትን የሚቆጥረው ተቋም ከሚያስረው ተቋም መለየቱ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ከዚህ መረጃ የተሠራ አገር አቀፍ ጥናት በ2009 በደቡብ አፍሪካ 52,493 ያህል ሰዎች በጉዳት እንደሞቱ ገመተ። ግማሽ የሚጠጉት ሆን ተብሎ በደረሰ ጉዳት የሞቱ ናቸው። የነፍስ ግድያ መጠኑ ከ100,000 ሰው 38.4 ነበር፤ ይህ በጊዜው ከነበረው የዓለም አማካይ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። የመንገድ አደጋ ሞት ደግሞ 36.1 ነበር። ከመንገድ ሟቾቹ ብዙዎቹ ተሽከርካሪ የሌላቸው እግረኞች ናቸው።

እነዚህ ቁጥሮች የከተማ ካርታ ናቸው ማለት ይቻላል። አፓርታይድ ጥቁሩን ሠራተኛ በሶዌቶና በመሰል ሠፈሮች፣ ከሥራው በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አስፍሮታል። በመካከሉ ያሉት አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ባለቤት እንጂ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ለሚሻገር ሰው አልተሠሩም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የትራንስፖርት ገበያው ያለበቂ ቁጥጥር ሲለቀቅ፣ ያንን ርቀት የሚሞላው በመንገድ ይዞታ እርስ በርስ የሚገዳደል የሚኒባስ ታክሲ ሥራ ሆነ። ስለዚህ የመንገድ ሞትና የጥይት ሞት በአንድ የከተማ አሰፋፈር ውስጥ ተገናኙ።

ከወርቁ ሥር

ጆሃንስበርግ በ1886 ወርቅ የተገኘባት፣ ወርቅ የገነባት ከተማ ናት። የመጀመሪያው ታላቅ እልቂቷም ከወርቅ ሥራ የመጣ ነው። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1896፣ በብራምፎንቴን የባቡር ጣቢያ ለማዕድን ጉድጓዶች የመጣና ከ50 ቶን በላይ የሚመዝን ዲናሚት ፈነዳ። ፈንጂውን የጫኑት ፉርጎዎች ሳይራገፉ በበጋ ፀሐይ ለቀናት ቆመው ነበር። በዙሪያው የነበሩት የድሆች መኖሪያዎች ፈራረሱ፤ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፈንጂው አደገኛ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ሳይራገፍ በመቆየቱ የሚጠየቅ ሰው ግን አልነበረም።

ከመሬት በታች ያለው ሞት የበለጠ ዝምተኛ ነበር። በዳኛ ራሞን ሊዮን የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ1995 ባቀረበው ሪፖርት፣ ከ1900 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት ከ69,000 በላይ የማዕድን ሠራተኞች በአደጋ እንደሞቱ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ከባድ ጉዳት እንደደረሰባቸው ገለጸ። በእነዚያ ዘጠና ዓመታት ምህንድስናውና ሕክምናው ተራምደዋል፤ ሞቱ ግን ለኩባንያዎቹ ርካሽ ሆኖ ቆየ። በሴፕቴምበር 1986 ከጆሃንስበርግ በስተ ምሥራቅ በኪንሮስ የወርቅ ማዕድን በብየዳ ሥራ የተነሣ እሳት የዋሻውን የፕላስቲክ አረፋ ሽፋን አቀጣጥሎ 177 ሰዎች በመርዛማ ጢስ አለቁ። የአረፋው አደገኛነት ቀድሞ የታወቀ ነበር። ኩባንያው የሟቾቹን ዝርዝር ሲያወጣ ነጮቹን በስማቸው፣ ጥቁሮቹን ግን በጎሳቸውና በቁጥር ብቻ ገለጸ።

ለውጡ የመጣው ሟቹን በስሙ የሚጠራ ሲገኝ ነው። በ1982 የተመሠረተውና የአሁኑ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በመጀመሪያ ዋና ጸሐፊነት የመሩት ብሔራዊ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ደኅንነትን የትግሉ ማዕከል አደረገ። ከኪንሮስ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለሐዘን ሥራ አቆሙ። ከነፃነት በኋላ የሊዮን ኮሚሽን ግኝት በ1996 የማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ ሆነ። ሕጉ ሠራተኛው አደገኛ ነው ብሎ ያመነበትን የሥራ ቦታ ጥሎ የመውጣት መብት ሰጠው፤ ተቆጣጣሪው ሥራ የማስቆም ሥልጣን አገኘ፤ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ በአንድ ምክር ቤት ተቀመጡ። በ2003 ሦስቱ ወገኖች የሞት ቅነሳ ግብ ተስማሙ። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ማዕድናት 270 ሰዎች ሞተው ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ 42 ሆነ፤ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነው።

ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የወርቅ ኢንዱስትሪው ስለ ጠበበና የሠራተኛው ቁጥር ስለ ቀነሰ የመጣ ነው። ቢሆንም በሠራተኛ ብዛት ሲሰላም ሞቱ ቀንሷል። ስለዚህ ስኬቱ እውነተኛ ነው። ወሰን ግን አለው። ኩባንያዎች ጥለዋቸው በሄዱት ጉድጓዶች «ዛማ ዛማ» የሚባሉ ሕገ ወጥ ቆፋሪዎች ገብተዋል፤ ብዙዎቹ ከጎረቤት አገሮች የመጡ ወረቀት አልባ ስደተኞች ናቸው። ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ ምዕራብ በስቲልፎንቴን ፖሊስ ቆፋሪዎቹን ለማስወጣት በ2024 ምግብና ውሃ እንዳይወርድላቸው ከለከለ። በጃንዋሪ 2025 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማዳን ሲጀመር 78 አስከሬኖች ወጡ። ከ42ቱ ጋር አልተቆጠሩም። የወርቁ ዐለት አንድ ነው፤ ጥልቀቱም አንድ ነው፤ ሁለቱን ሟቾች የለየው በሕግ ፊት አሠሪ ያለውና የሌለው መሆናቸው ነው።

ሕግ ሲሠራና ሲዝል

ሁለተኛው ታሪክ የጦር መሣሪያ ነው። ዴሞክራሲ ሲጀመር፣ በ1994/95፣ ፖሊስ ወደ 26,000 የሚጠጋ የነፍስ ግድያ መዘገበ። በ2000 የወጣውና በ2004 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ፈቃድን አጠበቀ፤ የብቃት ፈተናና የጀርባ ታሪክ ምርመራ ጠየቀ፤ መሣሪያ አስረክቦ በነፃ የመሄድ የምሕረት ጊዜም ታወጀ። ጆሃንስበርግን ጨምሮ በአምስት ከተሞች የአስከሬን ምርመራ መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ሕጉ ከ4,500 በላይ ሕይወት እንዳተረፈ ገመተ። በጥይት የሚደርሰው ግድያ በጩቤና በሌላ መሣሪያ ከሚደርሰው በበለጠ ፍጥነት መቀነሱ የሕጉን ድርሻ ለመለየት አስችሏል። ያ ምርመራ ቤቶችን የማገናኘት ሥራ ባይኖር ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር።

በ2011/12 አገር አቀፍ ግድያው ከ16,000 በታች ወረደ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ወጣ፤ በ2022/23 ፖሊስ 27,494 ግድያ መዘገበ። ሕጉ አልተሻረም። የተዳከመው ፈቃድ የሚመዘግበው፣ የሚቆጣጠረውና መጋዘኑን የሚጠብቀው አካል ነው። አንድ የፖሊስ ኮሎኔል እንዲወድሙ የተሰበሰቡ መሣሪያዎችን በሺዎች ደረጃ ለወንበዴ ቡድኖች ሸጦ በ2016 መቀጣቱ የድክመቱን ጥልቀት ያሳያል። ከሕዝብ እጅ የተሰበሰበው ጠመንጃ በመንግሥት በር ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ተመለሰ። ለግድያው መመለስ ሥራ አጥነት፣ የተደራጀ ወንጀልና የፖሊስ የምርመራ አቅም ማሽቆልቆልም ድርሻ አላቸው። የማዕድኑ ሕግ ከኋላው በየቀኑ የሚጠይቅ የሠራተኛ ማኅበር ነበረው። የመሣሪያው ሕግ ጠያቂዎች ጥቂት የሲቪል ማኅበራት ነበሩ፤ ለተቆጣጣሪው ቢሮ ወንበር የላቸውም።

የእሳት ማጥፊያው ስምምነት

ሦስተኛው ታሪክ ወደ አልበርት ጎዳና ይመልሳል። ከእሳቱ በኋላ አንዳንድ ፖለቲከኞች ጥፋቱን ድሆች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመኖሪያቸው እንዳይወጡ በሚከላከለው ሕግና ለነዋሪዎች በሚሟገቱ ድርጅቶች ላይ ጣሉት። መከራከሪያው ቀላል ነው፦ ሰዎቹ ቀድመው ቢወጡ ኖሮ አይሞቱም ነበር። የከተማዋ የራሷ ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ከተማ አስተዳደሩ በመሀል ከተማ 235 ያህል «መጥፎ» ብሎ የሰየማቸውን ሕንፃዎች ለማስለቀቅ ዕቅድ ነበረው። ምክንያቱ የእሳትና የጤና ሥጋት ነበር። በቤሪያ ሠፈር በኦሊቪያ ጎዳና የሚገኝ ሕንፃና በሜይን ጎዳና የሚገኝ ሌላ ቦታ ነዋሪዎች፣ ቁጥራቸው ከ400 በላይ የሆነ፣ ጉዳዩን እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ የሚገኘው የይለፍ ወረቀት ያልያዙ ሰዎች ይታሰሩበት በነበረው የቀድሞ እስር ቤት ግቢ ነው። ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2007 ሁለቱ ወገኖች ትርጉም ያለው ውይይት እንዲያደርጉ አዘዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ ተስማሙ። ከተማዋ ጊዜያዊ መጸዳጃ ልታቆም፣ ቆሻሻ ልታነሣ፣ ክፍት የቀረውን የአሳንሰር ጉድጓድ ልትዘጋና የእሳት ማጥፊያ ልትተክል ቃል ገባች፤ ነዋሪዎቹም በመሀል ከተማው ሌላ መጠለያ ሲዘጋጅ ለመዛወር ተስማሙ። በፌብሩዋሪ 2008 በዳኛ ዛክ ያኩብ የተጻፈው ፍርድ ይህን መንገድ አጸና። በ2011 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከግል ሕንፃ ለሚወጡ ድሆችም ከተማዋ ጊዜያዊ መጠለያ የማዘጋጀት ግዴታ እንዳለባት ወሰነ።

ስለዚህ ሕጉ ሕንፃን አደገኛ አድርጎ ማቆየትን አልፈቀደም። ያዘዘው በቅድሚያ ማነጋገርን፣ እስከዚያው ቦታውን ማስተካከልን፣ ከዚያም መጠለያ ሰጥቶ ማዛወርን ነው። በ2007 ስለ እሳት ማጥፊያ በጽሑፍ የተስማማች ከተማ፣ ከ16 ዓመት በኋላ በገዛ ሕንፃዋ ውስጥ አንድም የሚሠራ አልነበራትም። በቀድሞዋ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ሲሲ ካምፔፔ የተመራው ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ከተማዋና ንብረት አስተዳዳሪ ኩባንያዋ ቢያንስ ከ2019 ጀምሮ ሕንፃውን ችላ በማለታቸው ለደኅንነት ሕጎች መጣስ ተጠያቂ መሆናቸውን ገለጸ፤ ሕንፃው እንዲፈርስና ለሟቾቹ መታሰቢያ እንዲቆም መከረ። አንድ ሰው የፈጸመውን ግድያ ለመደበቅ እሳቱን እንዳስነሣ በኮሚሽኑ ፊት ተናግሮ ክስ ተመሥርቶበታል። እሳቱን ማን ለኮሰ የሚለው የወንጀል ጥያቄ ነው። በአንድ ክፍል የተነሣ እሳት ስለምን 76 ሰው ገደለ የሚለው ግን የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሞላ ጎደል የተቆለፈ በር፣ የሌለ ውሃና የካርቶን ግድግዳ ነው።

በጄፒና በሶዌቶ

ከአልበርት ጎዳና ብዙ ሳይርቅ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ የሚባለው የቀድሞው ጄፒ ጎዳና የኢትዮጵያውያን ንግድ ማዕከል ነው። ለሐኪሞች ቢሮ ተብለው የተሠሩ ፎቆች ወደ ትናንሽ ሱቆች ተከፋፍለው ልብስ፣ ብርድ ልብስና ጫማ ይሸጥባቸዋል። ከዚያ የሚነሣው ዕቃ በየጥቁሮች ሠፈር ወዳሉ «ስፓዛ» የሚባሉ ሱቆች ይሄዳል። ከሆሳዕናና ከከምባታ የመጡ ብዙ ወጣቶች ሱቃቸው ውስጥ ያድራሉ። በመንገድ የሞቱትም አሉ፤ በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል።

የእነዚህ ባለሱቆች ሕይወት የጉዳት ምክንያቶች እርስ በርስ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ያሳያል። ዘራፊን ለመከላከል የሚበየደው የብረት በር እሳት ሲነሣ ወጥመድ ይሆናል። በሜይ 2008 በአሌክሳንድራ የጀመረው በባዕዳን ላይ ያነጣጠረ ሁከት 62 ሰዎችን ገደለ፤ ከእነርሱ 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። በ2015 በደርባን ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች የነበሩበት የኮንቴይነር ሱቅ በቤንዚን ተቃጥሎ አንደኛው ሞተ። በ2024 በሶዌቶና በሌሎች ሠፈሮች ከ20 በላይ ሕፃናት በምግብ መመረዝ ሲሞቱ በምርመራ የተገኘው ለእርሻ የሚውል ቴርቡፎስ የተባለ ፀረ ተባይ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው እንደገለጹት ሰዎች መርዙን የሚገዙት ቆሻሻ ባለመነሣቱ አይጥ ስለበዛባቸው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መኪና በወቅቱ አለመምጣቱ በሰንሰለቱ ጫፍ ሕፃን ገደለ፤ የሕዝቡ ቁጣ ግን የውጭ አገር ባለሱቅ ላይ ወረደ፤ ብዙ ሱቆችም ተዘጉ።

ያም ሆኖ ባለሱቆቹ ራሳቸው ለጉዳያቸው ባለቤት መሆን ሞክረዋል። በሊምፖፖ ፖሊስ በ2012 ከ600 በላይ የስደተኛ ሱቆችን ሲዘጋ፣ የሶማሌ ማኅበርና በደቡብ አፍሪካ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በጋራ ተከራክረው በ2014 በጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት ረቱ። ፍርዱ ስደተኞች ነግደው የመኖር መብታቸውን አረጋገጠ። የፈቃድ መብት ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው፦ ሕጋዊ ሱቅ መርማሪ ይጎበኘዋል፣ ሁለተኛ በር ይጠየቃል፣ ባለቤቱ ሲዘረፍ ፖሊስ ይጠራል። የተደበቀ ሱቅ ይህን ሁሉ አያገኝም።

የሚቀረው ሥራ

ከሦስቱ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት በጀት ከመጨመር ይሰፋል። ሞት የቀነሰው ሦስት ነገሮች በአንድነት በተገኙበት ነው፦ ከፖሊስ የተለየ አስከሬን ቆጣሪ፣ ለሚገደለው ወገን በየቀኑ የሚጠይቅ ድርጅት፣ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪ። ማዕድኑ ሦስቱንም አገኘ። የጦር መሣሪያው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ሦስተኛውን አጣ። ኡሲንዲሶ ከእሳቱ በፊት አንዱም አልነበረውም።

ለኢትዮጵያ ይህ ቅርብ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዘመን በአንድ ተቋም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጫንቃ ላይ ወድቆ ቆይቷል። በመዲናዋ አሮጌ ሠፈሮች እየፈረሱ ረጃጅም ፎቆች ሲተኩ፣ የእሳት መውጫና የግንባታ ሠራተኛ ደኅንነት የሚጠይቅ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሕንፃው ቁመት ጋር እኩል ሊያድግ ይገባዋል። በጆሃንስበርግ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ ያሉ የዳያስፖራ ማኅበራት በበኩላቸው ብዙ ገንዘብ የሚያወጡት አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ነው። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የዕድሩ ወግ ባሕር ተሻግሮ ሲሠራ ማየትም ነው። ከዚያው መዋጮ ጥቂቱ ሟቾች በምን ምክንያትና የት እንደሞቱ ለመመዝገብ፣ የሱቆችን ሁለተኛ በር ለመክፈት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ለመነጋገር ቢውል፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚላከው አስከሬን ሊቀንስ ይችላል።

በ2007 የኦሊቪያ ጎዳና ነዋሪዎች የጠየቁት ይህን ያህል ነበር። ውሃ፣ የቆሻሻ መኪና፣ የተዘጋ የአሳንሰር ጉድጓድና በግድግዳ የተሰቀለ የእሳት ማጥፊያ ነበር የጠየቁት፤ ከተማዋም በጽሑፍ ተስማምታ ነበር።